ገደሉ ላይ የጠራሁት ስም

ያን ዕለት ጠዋት የሻንጣ ገበር እየሰፋሁ ነበር። ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤቷ ጋር ለሦስት ቀን ልትሄድ ነበርና ሻንጣሽን አውሺኝ አለችኝ። ሻንጣው ከአገር ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ከአልጋ ሥር አልወጣም፤ ገበሩ በአንድ በኩል ተቀዷል። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በትልቁ መርፌ እየሰፋሁ ነው። እሷ አጠገቤ ሆና ስልኳን ትነካካለች።

«አያቴ፣ እዚህ ውስጥ ሰምቲንግ አለ» አለችና እጇን በተቀደደው በኩል ሰደደች።

እኔ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የከተትኩት እኔ ነኝ። «ተይው፣ አትንኪው» አልኳት። እጇ ግን ቀድሟል። አራት ቦታ የታጠፈች፣ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ናት። ዘረጋቻት። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል አስቆጥረዋታል። እንግሊዝኛ ስታነብ ውሃ ነው፤ አማርኛ ሲሆን ግን አንድ አንዱን ፊደል አንስታ አይታ እያስቀመጠች ነው። ጣቷን አስደግፋ ጀመረች።

መጀመሪያ ያነበበችው የጎረቤቴን ልጅ የክርስትና ስም ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ እንዳትጽፊው ብያታለሁ። የማንም ስም አይግባበት። እኔ የበደልኩት በስም ነው፣ ደግሜ በስም አልጫወትም።

በቃ አለቀ፣ ታጥፈዋለች ብዬ ስጠብቅ «ዌይት፣ ከታች ሌላ ላይን አለ» አለች። «ይህን... ይዛ... ለወ... ለወጣችው... ለእህቴም...» ብላ ቆየችና አንድ ስም አነበበች። የኔ የክርስትና ስም ነው።

«ይሄ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ማነው የጻፈው?»

«ጎረቤታችን ናት» አልኳት። መርፌውን ገበሩ ላይ እንደሰካሁ ተውኩት። ሁለት ዓመት ያንን ወረቀት ይዤ ያላነበብኩት ማንበብ ስለማልችል ነው። ላስነብበው ግን እችል ነበር። ያላስነበብኩት ምን እንደሠራሁ ስለማውቅ ነው። ታችኛው መስመር ላይ ስሜ እንዳለ ግን አላወቅኩም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ጎረቤቴ ከኔ ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው፣ ቶሮንቶ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጋ የመጣች ናት። እኔ ልጄ ስፖንሰር አድርጎኝ ስመጣ እሷ አገሩን ጠግባዋለች። ባሏ ሞቷል፣ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። እኩያሞች ነን። የመጀመሪያው ክረምት ላይ በረዶውን ፈርቼ በሩ ላይ ቆሜ ስታየኝ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ እስኪሟሟ ነው? ሚያዝያ ነው የሚሟሟው» አለችኝና ክንዴን ይዛ አውቶብስ ድረስ አደረሰችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እንባባላለን። እሷ አፏ ሹል ነው፣ እኔ ደግሞ እስቅላታለሁ፤ እንዲያ ነው የተዋደድነው።

ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው አብረን ነው። እሷ ዳዊት ትደግማለች። እኔም የባሌን ዳዊት ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እሷ ገጽ ስትገልጥ እገልጣለሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሰፈራችን አልነበረም፤ ካደግኩ በኋላ ደግሞ ማን ያስተምረኛል። እዚህ አገር ፊርማዬን ማስቀመጥ ልጄ አስተምሮኛል፣ አውቶብሱን በቁጥሩ ለይቻለሁ፣ በቃ። ከቤት ሰው ሌላ ማንበብ እንደማልችል የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማስበው።

ልጇ ኩላሊቱ ደከመ። ጎልማሳ ነው፣ አርባ አልሞላውም። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ ደሙ ይታጠባል። ኩላሊት እስኪገኝለት ሊስት ላይ ነው አሉ። እሷ የኔን ውሰዱለት ብላ ለምና ነበር፤ ስኳር አለብሽ፣ ልብሽም ደክሟል ብለው መለሷት። ያን ዕለት ከሆስፒታል ስትመለስ ሊፍት ውስጥ አገኘኋት። «ዕቃዬ ኤክስፓየር አድርጓል አሉኝ» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የወንድሜን ሙት ዓመት ለማውጣት ልሄድ ትኬት ስቆርጥ ሰማችና መጣች።

«አንቺ፣ መንገድሽ በዚያ በኩል ነው አይደል?» አለችኝ።

ገደል ላይ ያለውን ደብር ነው የምትለው። የኔ አገር ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በድሮ ዘመን፣ ማን እንደሆነ በማይታወቅ ሰው እጅ፣ ከገደሉ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። መላእክት ናቸው የሠሩት ይላሉ። እዚያ ወጥቶ የታመመ ሰው ስም ያስጠራ አያፍርም ይባላል። እሷን ሕጻን ሆና ትኩሳት ሲይዛት እናቷ አዝላት ወጥታ ነበር።

«እኔ በዚህ ልብ አልወጣውም፤ ዶክተሩ ደረጃ እንኳ ከልክሎኛል። አንቺ ግን የፍየል ጉልበት ነው ያለሽ።»

«ፍየልስ አንቺ» አልኳት።

«ስሙን ጽፌልሻለሁ። ለአባ ስጪና ያስጠሩልኝ። ትንሽ እምነትም አምጪልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ በርበሬም አታምጪ።» እምነት ያለችኝ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደውን፣ ሕመምተኛ የሚቀባውን አመድ ነው።

ወረቀቷን ተቀብዬ እንደሚያነብ ሰው አየት አደረግኳት። እሷ ትክ ብላ ታየኛለች።

«ስሙን በቃልሽም ልንገርሽ?» አለችኝ።

«ተጽፎ የለ፣ ምን ትነግሪኛለሽ» አልኳት።

እኔ ጆሮዬ የገባ ነገር አይወጣም። የሰፈራችንን ሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ያን ጊዜ እሺ ንገሪኝ ብል ኖሮ ዛሬ የምናገረው ነገር አይኖርም ነበር። ግን ንገሪኝ ማለት አላነብም ማለት መሰለኝ።

አገር ቤት ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የወንድሜ ልጅ በመኪና ወሰደችኝ። ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። ከሥር ቆመው ሽቅብ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን አይመስልም። ቀይ ገደል ነው፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ቦታ ትታያለች፤ በሩ እሱ ነው። አንገቴን ሳቀና ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ። የወንድሜ ልጅ ቤተ ክርስቲያን የማትገባበት ጊዜዋ ስለነበረ ዛፍ ሥር ቀረች።

«አክስቴ፣ ይቅርብዎ። ከዚሁ ተሳልመው ይመለሱ፣ እግዚአብሔር ከታችም ይሰማል» አለችኝ።

«ለሰው ቃል ገብቻለሁ» አልኳት። ይህን ስል ኮርቼ ነው።

የደብሩ ሰው፣ አንድ ጎልማሳ፣ ከፊት ከፊቴ ወጣ። ጫማ ከታች ይወለቃል። ድንጋዩ ላይ እግር ማስገቢያ ተቦርቡሯል፤ ስንቱ ሰው እንደረገጠው እንጃ፣ እንደ ሳህን ለስልሷል። «እናቴ፣ ወደ ታች እንዳያዩ። የኔን ተረከዝ ብቻ ይዩ» ይለኛል። ተረከዙን እያየሁ ወጣሁ። ከኛ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ሴቶች ይከተሉናል። አንዷ ከኋላ ወገቤን ትደግፈኛለች። ከካናዳ መምጣቴን ሰምታ «የዲያስፖራ እናቶች ጠንካሮች ናቸው» ስትል ሰማኋት። ደስ አለኝ።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ጠቦ፣ በቀኝ ግድግዳ በግራ አየር ሆነ። ከታች አሞራ ሲዞር ጀርባው ይታያል። ግድግዳውን በሁለት እጄ አቅፌ ቆምኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩት የጎረቤቴን ልጅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ነው የተቀመጥኩት፤ ያሰብኩት የራሴን ልጅ ነው፣ የዚችን አባት።

ልጄ ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ጎዳና ላይ ጸጉር ቤት ነበረው። ባቡር ሊሠሩ ነው ብለው መንገዱን ቆፈሩት፣ በሩ ላይ አጥር አቆሙበት። አለቀ ሲባል እንደገና ይቆፈራል። ሰው መኪና ማቆሚያ አጣ፣ በየት በኩል እንደሚገባም ጠፋው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ ይውላል። ምሳ ብዬ የማስይዘውን ሳይከፍተው ይመልሰዋል። ምነው ስለው «ደንበኛ በዝቶብኝ ነው» ይለኛል። ማታ መጥቶ የኔን ጸጉር ሊያስተካክል ይቀመጣል፤ እጁ ሥራ ለምዶ ዝም ማለት አቅቶት ነው። እኔ ከዚህ ወድቄ ብቀር ይህ ልጅ ምን ይሆናል እያልኩ ነው ያንን ጠባብ ቦታ ያለፍኩት።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከፀሐይ ሲገቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ዓይን ይመጣል፤ ሁሉም የሚያዩት ወደ በሩ ነው፣ ማለት ወደ ገባው ሰው። ምሰሶዎቹን ነካኋቸው። ከገደሉ ጋር አንድ ናቸው፤ የተገጠመ፣ የተለሰነ ነገር የለም። አንድ ሰው ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ነው የሠራው። ስንት ዓመት ፈጅቶበት ይሆን፤ ሳይጨርስም ሞቶ ይሆናል።

አባ ጥግ ላይ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። በጣም ሽማግሌ ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ከየት መጣሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከካናዳ፣ አባ።»

«እሱ ከጎንደር ይርቃል?»

«ይርቃል አባ።»

«ጉልበትሽን ይባርከው። ስም ይዘሻል?»

ወረቀቷን ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አዞሯት፣ አቀረቧት፣ አራቋት፣ መለሱልኝ። «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። አንቺ አንብቢውና እኔ እጠራዋለሁ» አሉኝ።

ያ ጎልማሳ ከኋላዬ ቆሟል። ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ሁለቱ ሴቶች ተራ እየጠበቁ ነው። እባክህ አንብብልኝ ማለት ሁለት ቃል ናት። እነሱ ግን ጠንካራዋ የካናዳ እናት እያሉ ደግፈው አውጥተውኛል። መነጽር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የመርፌ ማያ መሆኑን የት ያውቃሉ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። ወረቀቷን ዘርግቼ ያዝኩ፤ ትክክል ትሁን ተገልብጣ እንጃ። ከንፈሬን ትንሽ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ የልጄን የክርስትና ስም ተናገርኩ።

ብዙ አስቤበታለሁ። አምልጦኝ ነው እንዳልል፣ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ሌላ ስም አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ዝም ማለት ነበረ። አባ ተቀበሉኝና መጥራት ጀመሩ። የልጄን ስም እዚያ ውስጥ ስሰማው፣ ድንጋዩ ሲመልሰው፣ አለቀስኩ። በደስታ ነው ያለቀስኩት። ጎልማሳው አይዞዎት እናቴ አለኝ።

«ምኑን ነው የሚያመው?» አሉኝ አባ።

«ኩላሊቱን» አልኩ።

«ኩላሊቱን ይማርልን» አሉ፣ ስሙን ደግመው ጠርተው።

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። የሰውን በሽታ ወስጄ በልጄ ስም ላይ ጫንኩት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ወገቤን አለ ሲል በብርጭቆ ውሃ ይዤ እከተለዋለሁ። ይህን ስነግራት ይቺ ልጅ መጻፏን አቁማ «ለዚህ ነው ዳዲን ውሃ ጠጣ ውሃ ጠጣ የምትዪው?» አለችኝ። ለዚህ ነው። ጻፊው።

አባ የሰጡኝን እምነት ይዤ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ወረቀቷን ለአባ ትቼ ልመጣ ይገባ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው አንብቦ ይህ ስም አልተጠራም ቢልስ ብዬ ፈራሁ። የክርስትና ስም ያለበት ወረቀት ደግሞ አይጣልም። ሻንጣዬ ገበሩ ጫፉ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገፋኋት።

ቶሮንቶ ስደርስ ኤርፖርት ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ሻንጣዬን ከፈተች። አመዷን የያዘውን ላስቲክ አውጥታ ምንድነው አለችኝ፤ ስልኳን አፌ ላይ አቀረበች፣ የሚተረጉመውን። «እምነት» አልኩት። ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ላስቲኩን አየችው። ከዚያ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። ኋላ ይቺ ልጅ ስታስረዳኝ፣ ስልኩ አመድ አላለም፣ ሃይማኖት ነው ብሎ ነው የነገራት። እምነት በላስቲክ ቋጥራ የምታስገባ ሴት፤ ያውም እኔ።

ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንኳን ደህና ገባሽም አላለች።

«አስጠራሽልኝ?»

«አስጠራሁ» አልኳት። ይኸ ውሸት አይደለም።

«በስሙ?»

«በስሙ።» ይኸኛው ነው ውሸቱ።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። እኩያዬ ናት። እምነቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሚቆጣኝ፣ የሚሰድበኝ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሷ ዶሮ ስትሠራ ቀዩን ወጥ በትልቁ ሳህን ታመጣልኛለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሰው ሁሉ «ለልጄ ብላ ገደል የወጣች ይህች ናት» ትላለች። ልጇ ደግሞ ደሙ የማይታጠብበት ቀን ክሊኒክ ያደርሰኛል፣ የዱቄት ከረጢቴን ተሸክሞ ያስገባልኛል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ምን አለኝ፤ «እማማ፣ ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ስተኛ ምን እንደማስብ ያውቃሉ? እርስዎ ያንን ገደል ሲወጡ ነው የማስበው። እርስዎ በዚያ ጉልበት ከወጡት እኔ ተኝቼ መጠበቅ አያቅተኝም እላለሁ።» አፌን ከፈትኩ። መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳው፣ አፌን ዘጋሁት።

ባለፈው ክረምት ኢንፌክሽን ያዘውና በአምቡላንስ ወሰዱት። ከታች ሎቢው ውስጥ ከእሷ ጋር ታክሲ ስንጠብቅ እኔ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ እሷ ናት የምታጽናናኝ። «ምን ሆነሻል? ስሙ እዚያ ተጠርቷል። አይሞትም» ትለኛለች። በዓለም ላይ ስሙ እንዳልተጠራ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ወጣ። እነዚያን ዘጠኝ ቀኖች እኔ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ተርፎ ሲመጣ ግን ደግሞ ዝም አልኩ። ከተረፈ ምን አስለፈለፈኝ አልኩ። ሰው እንዲህ ነው ራሱን የሚያባብለው።

እንግዲህ ያን ጠዋት፣ ይቺ ልጅ ታችኛውን መስመር ስታነብ ነው ያቃተኝ። ጎረቤቴ ለአንድ ልጇ ያንን ሁሉ መንገድ አንድ ወረቀት ስትልክ፣ ከሥሩ የኔን ስም ጨምራለች። አልነገረችኝም። አባ ሲያነቡት እንድሰማው ፈልጋ ይሆናል። እኔ እዚያ ቆሜ የሷን ልጅ ሳስቀር፣ የራሴንም ስም አብሬ አስቀርቻለሁ።

«አያቴ፣ ሻንጣውስ?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። ወረቀቷን ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤቴ በሩን ስትከፍት እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «ምን ሆነሽ ነው፣ ፊትሽ ገርጥቷል» አለችኝ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይኸ የኔ ጽሕፈት ነው» አለች። «አባ ጋ አልቀረም እንዴ?»

ነገርኳት። ቁጭ አላልኩም። የአባን ዓይን፣ መነጽሬን፣ እንደማነብ መምሰሌን፣ ያልሆነ ስም መናገሬን። እሷ እጇን በፎጣ እየጠረገች ሰማችኝ። ሽንኩርቱ ምድጃው ላይ ማረር ጀመረ፣ ሄዳ አጠፋችው።

«አጠገብሽ ያለውን ሰው አንብብልኝ ብትዪውስ?» አለችኝ።

«አፈርኩ።»

«ምኑን ነው ያፈርሽው?»

«አለማንበቤን ነዋ። ማንም አያውቅም ብዬ...»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ስንት ዓመት አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዳዊት ስትገልጪ። አንዳንዴ ሆን ብዬ ሁለት ገጽ አንድ ላይ እገልጣለሁ፤ አንቺም ሁለት ትገልጫለሽ።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ወረቀት ሰጠሽኝ?»

«ለቄሱ ነዋ የሰጠሁት። አንቺ እንድታነቢው መቼ አልኩሽ?» አለችና ትንሽ ፈገግ ልትል ነበር፤ አይቻለሁ። ወንበር ሳበችልኝ። «ለመሆኑ የማንን ስም ነው የጠራሽው? ከየት አመጣሽው?»

ይህን ገና አልነገርኳትም ነበር። ልደብቀው እችል ነበር፤ አፌ ላይ የመጣ የማላውቀው ስም ነው ብል ታምነኛለች።

«የልጄን» አልኳት።

የሳበችውን ወንበር እንደያዘች ቆመች። ማንበብ አለመቻሌን አልፋልኝ ነበር። ይኸኛውን አላለፈችውም። ወረቀቷን አንስታ በእጥፋቷ አጠፈቻት። ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችልኝ።

«በሉ እንግዲህ፣ ደህና ይዋሉ» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር፤ ብታለቅስ አብሬያት አለቅስ ነበር። አንቱ ላለ ሰው ምን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» ነው፤ ሊፍት ውስጥ «ይለፉ» ነው። አንድ ቀን ፊንች አውቶብስ ውስጥ ብድግ ብላ «ይቀመጡ እናቴ» አለችኝ። እናቴ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለች ጨዋ ሴት እያለ ያያታል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እግሬን አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት መስመር ቀድማኝ ተቀመጠች። እኔም ዳዊቱን ይዤ መሄድ ተውኩ።

ከሁሉ የባሰው፣ ለልጇ አልነገረችውም። እሱ እንደ ድሮው በሬን ያንኳኳል። «እማማ፣ ክሊኒክ መቼ ነው?» ይለኛል። በአውቶብስ እሄዳለሁ ስለው «ለኔ ገደል ወጥተው እኔ ለርስዎ ፊንች ላይ መንዳት ያቅተኛል?» ብሎ ይስቃል። እሱ ያንን አልጋ የሚችለው በኔ ገደል ስለሆነ ነው ያልነገረችው፤ ይኸ ገብቶኛል። እኔም አልነገርኩትም። አሁን የምዋሸው በሷ ፈቃድ ነው፤ አልቀለለኝም።

ይቺ ልጅ ከጉዞዋ ስትመለስ ጎረቤታችን ለምን አንቱ እንደምትለኝ ጠየቀችኝ። እሷ እንኳን ለይታዋለች። ነገርኳት። አባቷን እንደሆነ የጠራሁት ስትሰማ «ዳዲ አያውቅም?» አለችኝ። አያውቅም። ካነበበው ይወቅ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቆሜ ጎረቤቴ መጣች። ከኛ ሌላ ሰው አልነበረም። መንገዱን እያየች ቆመች። ቁጥር የሌለው፣ ሰው የማይጭን ባዶ አውቶብስ አለፈን።

«ለመሆኑ ለልጅዎ ሆነለት?» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«አልሆነለትም» አልኳት። «ሱቁን ዘጋ። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ይጭናል። መቀሶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል።»

«ኩላሊቱስ?»

«ደህና ነው።»

«ይመስገን» አለች። ለማሾፍ ይሁን ከልቧ አልገባኝም። እኔም የልጇን ልጠይቃት ፈለግሁ፣ በየት አፌ።

አውቶብሳችን ከሩቅ ታየ። ወደኔ ተጠጋችና አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ የልጇን የክርስትና ስም ነገረችኝ። ከወረቀቱ ሰምቼዋለሁ፣ ግን አላቋረጥኳትም። በይው አለችኝ፣ አልኩት። እንደገና አስባለችኝ። በሩ ሲከፈት ሹፌሩ እየጠበቀን ነው፣ እሷ ግን ክንዴን ይዛ አቆመችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «ገደል ላይ ሁለተኛ አልክሽም። እዚሁ ሆነሽ ጠዋት ጠዋት ስትጸልዪ ትጠሪዋለሽ። ካንቺ ልጅ አስቀድመሽ። ሰማሽኝ? አስቀድመሽ ነው ያልኩሽ።»